ዕንቁ ቆጣሪዎች፦ የአሮጌ ብር ምልክት እንዴት ይነበባል?

የታሪክ ተማሪ ማስረጃ አምጣ ሲባል ዓይኑን የሚጥለው ወደ ብራና፣ ወደ ደብዳቤ፣ ወደ ተጓዦች ማስታወሻ ነው። እኛም ከዚህ ልማድ ነፃ አይደለንም። ነገር ግን በየአያቶቻችን ሙዳይ ውስጥ የተቀመጠ፣ በአንገት ላይ የተንጠለጠለ፣ ብዙውም በአንጥረኛ ወናፍ ሥር ቀልጦ መስቀልና አምባር የሆነ ሌላ ሰነድ አለ። እሱም ብር ነው። ብር ስንል ወረቀቱን ማለታችን አይደለም። ድንጋይ ላይ ሲጥሉት የሚጮኸውን፣ ኪስ የሚቀደውን ማለታችን ነው።

ይኸ ሰነድ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ዓመቱ ተጽፎበታል፣ የንጉሥ ወይም የንግሥት መልክ አለበት፣ እንግዲህ ምን ይቸግራል? ችግሩ እዚያው ላይ ነው። በአገራችን ከሁሉ ይልቅ ሲዞር የኖረው ብር የያዘው ዓመት እውነተኛ ዓመቱ አይደለም። መልኩ በሕይወት የሌለች የሌላ አገር ንግሥት መልክ ነው። የመታው ቤት ስም ደግሞ ጨርሶ የለበትም። ስለዚህ ፊደሉን ብቻ የሚያነብ የተማረ ሰው ይሳሳታል፤ ጌጡን የሚቆጥር ያልተማረ ሰው ግን ላይሳሳት ይችላል። በዚህች ጽሑፍ የምንነጋገረው ስለዚያ ጌጥ ነው።

ነገሩን ከሩቅ እንጀምረው። እ.ኤ.አ. በ1940 በትግራይ፣ በደብረ ዳሞ፣ ከመቶ በላይ የሆኑ የወርቅ ገንዘቦች በአንድነት ተገኙ። ነገሩን ለዓለም ያሳወቀው አንቶኒዮ ሞርዲኒ የተባለው ኢጣሊያዊ ተመራማሪ ነው። ወርቆቹ የአክሱም አልነበሩም፣ የሮማም አልነበሩም፤ ከሕንድ የመጡ ነበሩ። የመቱአቸው ከዛሬው አፍጋኒስታን አንሥተው ሰሜን ሕንድን ይገዙ የነበሩት የኩሻን ነገሥታት ናቸው። (ስሙ ከእኛ ኩሽ ጋር ስለ ተመሳሰለ ብቻ ዝምድና የሚፈልግ አይጠፋም፤ ዝምድናው የፊደል ነው።) ቪማ ካድፊሴስ፣ ካኒሽካ፣ ሁቪሽካ፣ ቫሱዴቫ የተባሉት ነገሥታት ሁሉ እዚያ አሉ።

እንግዲህ አንባቢ ይጠይቅ፤ ዓመተ ምሕረት ያልተጻፈበት ወርቅ የማን እንደ ሆነ በምን ታወቀ? መልሱ በጌጡ ነው። በኩሻን ወርቅ ፊት ላይ ንጉሡ ረጅም ካባና ቦት ጫማ አድርጎ ከትንሽ የእሳት መሠዊያ አጠገብ ቆሞ ይታያል። በጀርባው አማልክት አሉ፤ በብዙዎቹም ላይ በሬ አጠገቡ የቆመ አምላክ ይታያል። ጽሕፈቱ በግሪክ ፊደል ነው፣ ቋንቋው ግን ግሪክ አይደለም። ከዚህ ሁሉ ጋር ታምጋ የሚባል ምልክት ይመታበታል። ከብት አርቢ ሕዝብ በከብቱ ጭን ላይ የሚተኩሰውን ዓይነት ማለት ነው። ይኸ ምልክት ከንጉሥ ወደ ንጉሥ ጥቂት ጥቂት ይለዋወጣልና ጽሕፈቱ ቢደመሰስ እንኳን ታምጋው ይናገራል። የቦረናን ወይም የአፋርን የግመልና የከብት ምልክት ላየ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም።

ከዚህ ትልቅ ነገር ይወጣል። ከነገሥታቱ የመጨረሻው ቫሱዴቫ የነገሠው እስከ 3ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ግድም ነው። የደብረ ዳሞ ገዳም ግን አቡነ አረጋዊ በ6ኛው መቶ ዓመት እንደ መሠረቱት ይነገራል። ስለዚህ ወርቁ ከገዳሙ በሦስት መቶ ዓመት ያህል ይበልጣል። ከዚያም አልፎ አክሱም የራሷን ገንዘብ መምታት የጀመረችው በንጉሥ እንዱቢስ ዘመን፣ በ3ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ነው። የሕንድ ወርቅ የአክሱም ወርቅ ከመመታቱ በፊት ተመትቶ ያበቃ ነው ማለት ነው። በ1ኛው መቶ ዓመት የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የመርከብ መመሪያ ከሕንድ ወደ አዱሊስ ብረትና የጥጥ ጨርቅ ይመጣ እንደ ነበረ ይናገራል። ያንን መጽሐፍ ያላነበበ ሰው ግን ሣጥኑን ከፍቶ ታምጋውን ቢያይ ያንኑ ይማር ነበር። በደቡብ ሕንድም የአክሱም የወርቅ ገንዘብ ተገኝቷልና መንገዱ መሄጃም መመለሻም ነበረው።

ስለ አክሱም ገንዘብ ብዙ የተጻፈ ስለ ሆነ ቶሎ እናልፈዋለን። የንጉሡን ራስ ከግራና ከቀኝ ሁለት የእህል ዛላ ያቅፈዋል። ከላይ ግማሽ ጨረቃና ክብ ካለ ገንዘቡ ከክርስትና በፊት የተመታ ነው፤ መስቀል ካለ ከኢዛና መጠመቅ በኋላ ነው። አንድ ትንሽ ምልክት የሃይማኖትን ለውጥ ያህል ነገር በአውራ ጣት ጥፍር ስፋት ላይ አስቀመጠችው። ከ7ኛው መቶ ዓመት በኋላ ግን መምቻው ዝም አለ። ደጋው አገር አሞሌ ጨው፣ ጨርቅና በሚዛን የሚለካ ወርቅ ይዞ ብዙ መቶ ዓመት ኖረ። የሐረር አሚሮች ትንንሽ ገንዘብ ይመቱ ነበር፤ የእነርሱ ነገር ለብቻው ጽሑፍ የሚፈልግ ነው።

አሁን ወደ ዋናው እንመጣለን። ማርትሬዛ፣ ጠገራ ብር።

ማርያ ቴሬዛ የኦስትሪያ፣ የሀንጋሪና የቦሄሚያ ገዢ ነበረች። የሞተችው እ.ኤ.አ. በኅዳር 1780 ነው። መልኳ ያለበት ብር ከ1741 ጀምሮ ሲመታ ቆይቶ በመጨረሻው ዓመቷ የተመታው በቀይ ባሕር ነጋዴ ዘንድ እጅግ ስለ ተወደደ፣ ከሞተችም በኋላ ያው ዓመት ሳይለወጥ መመታቱ ቀጠለ። ልብ በሉ፦ አፄ ቴዎድሮስ ሲነግሡ የተመታው 1780 ይላል፤ ዓድዋ ሲዘመት የተመታው 1780 ይላል፤ በጠላት ወረራ ዘመን የተመታውም 1780 ይላል። ዛሬ ቪየና የምትመታውም እንዲሁ። እስከ 2000 እ.ኤ.አ. ድረስ ወደ 389 ሚሊዮን ያህል እንደ ተመታ ይገመታል። "ይህ ብር የ1780 ነው" ብሎ መዝገብ ላይ የሚጽፍ ሰው ምንም አልጻፈም ማለት ነው።

ታዲያ ምን ይነበባል? በፊቱ በኩል ንግሥቲቱ ወደ ቀኝ ዞራ፣ የባል ሐዘንተኛ ዓይነ ርግብ ጥላ ትታያለች፤ ባሏ ፍራንሲስ የሞተው በ1765 ነውና። ከዓይነ ርግቡ ላይ በዕንቁ የተሠራ የራስ ጌጥ አለ። በትከሻዋ ላይ ካባዋን የሚይዝ ጌጥ አለ፤ ዙሪያው ዕንቁ ነው። ከሥሯ ሁለት የላቲን ፊደላት አሉ፤ በእኛ አፍ ኤስ እና ኤፍ። እነዚህ በጉንትስቡርግ መምቻ ቤት ኃላፊ የነበሩት የሾብልና የፋቢ ስም መጀመሪያዎች ናቸው። ሁለቱ ሹማምንት ሞተው፣ መምቻ ቤታቸው ተዘግቶ፣ ፊደላቸው ግን በቪየናም በለንደንም በቦምቤይም ሲመታ ኖረ። በጀርባው ሁለት ራስ ያለው ንስር አለ፤ ደረቱ ላይ ጋሻ፣ ከዓመቱ ቁጥር ቀጥሎ እንደ ማባዣ ምልክት የተጋደመች ትንሽ መስቀል። ይህች መስቀል ከ1750 ጀምሮ የገባች ናት፤ ብሩ በአዲሱ ልክ መመታቱን ታመለክታለች። በጠርዙ ዙሪያ ደግሞ "በፍትሕና በምሕረት" የሚል የላቲን ቃል በቅጠልያ ጌጥ መካከል ተጽፏል።

የውጭ ተጓዦች የእኛ ገበሬና ነጋዴ ይህን ብር እንዴት ይቀበል እንደ ነበር በመገረም፣ አንዳንዴም በንቀት ጽፈዋል። ሰውየው ብሩን ያገላብጣል፣ በራስ ጌጡ ላይ ሰባቱን ዕንቁ ይቆጥራል፣ በትከሻዋ ጌጥ ላይ ዘጠኙን ይቆጥራል፣ ሁለቱ ፊደላት መኖራቸውን ያያል፣ በመጨረሻ ድንጋይ ላይ ይጥለውና ድምፁን ይሰማል። ዕንቁው ከጠፋ፣ ፊደሉ ከተድበሰበሰ፣ "አልፈልግም፣ ሌላ አምጣ" ይላል። ተጓዡ ይናደዳል። ብር ያው ብር ነው፣ ለምን ይጨቃጨቃል ይላል።

እኛ ግን ነገሩን አስበንበት ተጓዡ እንደ ተሳሳተ ነው የደረስንበት። ገበሬው የላቲን ፊደል አያነብም፤ ቢያነብም አይጠቅመውም፣ ምክንያቱም ፊደሉን ማንም ሐሰተኛ ሊቀርጸው ይችላል። ሚዛን በእጁ የለም። የቀረው ዓይኑና ጆሮው ነው። ታዲያ በመላው ብር ላይ ቀድሞ የሚያልቀው ምንድን ነው ያልን እንደሆነ ጎላ ብሎ የወጣው ክፍል፣ ማለትም የትከሻው ጌጥና የራሷ ዕንቁ ነው። ዕንቁው ጥርት ብሎ የሚቆጠር ከሆነ ብሩ ገና አልተበላም፣ ክብደቱ ሙሉ ነው። በአሸዋ ቅርጽ ፈሶ የተሠራ ሐሰተኛ ብርም ቀድሞ የሚጎድለው እነዚያው ደቃቅ ፈርጦች ላይ ነው፤ ያብጣሉ፣ ይያያዛሉ። ጠርዙ ላይ ያለው ጽሑፍ ደግሞ ብሩ በመቀስ ወይም በሞረድ አለመቀጠፉን ይመሰክራል። ድምፁ መዳብና እርሳስ አለመብዛቱን ይናገራል። ይህ እንግዲህ አጉል እምነት ነው? ኧረ ወዲያ! ያለ ላቦራቶሪ የሚደረግ ምርመራ ነው። ጥቅሙም ትንሽ አልነበረም፤ አንድ ብር የበግ፣ የጨው፣ የግብር ዋጋ ሆኖ ሳለ የሐሰት ብር የተቀበለ ሰው የሚከስሰው የለውም።

ሙሉው ብር 28 ግራም ከጥቂት ይመዝናል፤ ከስድስት እጁ አምስቱ ንጹሕ ብር፣ የቀረው መዳብ ነው። ስፋቱ 4 ሳንቲ ሜትር ግድም ነው። እነዚህ ቁጥሮች በሁሉም መምቻ ቤት አንድ ናቸው፤ ነገሩ ሁሉ የሚቆመውም በዚህ ላይ ነው።

መምቻ ቤቶቹን እንያቸው። ጉንትስቡርግ ከቀረ በኋላ ቪየና፣ ፕራግ፣ ሚላኖና ቬኒስ መቱት። በ1857 የኦስትሪያ መንግሥት ብሩን የንግድ ገንዘብ ነው ብሎ አወጀ፤ በ1858 ግን በገዛ አገሩ ሕጋዊ ገንዘብነቱን አጣ። በአገሩ የማይገዛ፣ በእኛ አገር የሚገዛ ብር ሆነ። ከዚያ ቪየና ብቻዋን ለረጅም ዘመን ስትመታ ቆየች። በ1867 ናፒየር ወደ መቅደላ ሲዘምት እንኳን የእንግሊዝ ጦር የራሱን ፓውንድ ይዞ መምጣት አልቻለም፤ ለበቅሎውም ለገብሱም የሚከፍለው ማርትሬዛ ነበረና ከቪየና አስመታ።

በ1935 ነገሩ ተቀየረ። ሙሶሊኒ ጦርነቱን ሲያዘጋጅ ኦስትሪያ የብሩን መምቻ ማኅተም ለኢጣሊያ እንድትሰጥ ተዋዋለ፤ ሮማም ትመታ ጀመር። ወራሪው ገና ጥይት ሳይተኩስ የምንገበያይበትን ብር ምንጭ ያዘው ማለት ነው። በቀይ ባሕር የሚነግዱት ሌሎቹ መንግሥታት ብር አጡ። ፓሪስ፣ ለንደንና ብራስልስም የኦስትሪያን ፈቃድ ሳይጠብቁ መምታት ጀመሩ። ለንደን ከቪየና ማኅተም ስላልተሰጣት ከብሩ ላይ እያየች የራሷን ቀረጸች። ጦርነቱ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ሲደርስ ደግሞ ከእንግሊዝ ብር ጭኖ መላክ አደገኛ ሆነ፤ ስለዚህ ከ1940 ጀምሮ ቦምቤይ ከ18 ሚሊዮን በላይ መታች። በጎጃም በኩል ለአርበኞች ከጠመንጃና ከጥይት ጋር በግመል የተጫነው ብር ማርትሬዛ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ በርሚንግሃምም መታች። በመጨረሻ በ1961 ግድም ኦስትሪያ ሌሎቹ እንዲያቆሙ ጠይቃ ሥራው ወደ ቪየና ተመለሰ።

የሕንድ ነገር እዚህ ላይ ሁለተኛ መጣ። የሕንድ መምቻ ቤቶች ምልክት አድርጎ መምታት የቆየ ልማዳቸው ነው። በሞጎል ነገሥታት ዘመን የከተማው ስም በፋርስ ጽሕፈት ይጻፍ ነበር፤ አበባ፣ ኮከብ፣ ዓሣም ይጨመርበት ነበር። በእንግሊዝ ዘመን ካልካታ ሩፒዋን ያለ ምልክት ስትመታ ቦምቤይ ትንሽ ምልክት ታደርግ ነበር። ዛሬም የሙምባይ ሳንቲም ከዓመቱ ሥር እንደ አልማዝ ያለ ቅርጽ አለበት። ማርትሬዛን ስትመታ ግን ቦምቤይ ምልክቷን ዋጠች። የሥራው ዓላማ ከኦስትሪያው እንዳይለይ ነውና ምልክት ማድረግ ሥራውን ማፍረስ ይሆን ነበር።

ቢሆንም የሰው እጅ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ነገር አይቀርጽም። ጠበብት በአጉሊ መነጽር አይተው ልዩነቱን አወጡት። የትከሻዋ ጌጥ ቅርጽ፣ የዕንቁዎቹ ቁጥርና ክብነት፣ የንስሩ የጅራትና የክንፍ ላባ፣ ከተጋደመችው መስቀል አጠገብ ነጥብ መኖር አለመኖሩ፣ በጠርዙ ጽሑፍ መካከል ያለው ቅጠል፤ በእነዚህ የሮማው ከለንደኑ፣ የለንደኑ ከቪየናው ይለያል። የዋልተር ሃፍነር መዝገብ ከመቶ በላይ ገጽ የያዘው በዚህ ነው። የአውሮፓ ሊቅ በመጽሐፍ ያደረገው የእኛ ገበሬ በገበያ ቀን ቆሞ ያደርገው ከነበረው ጋር በመሠረቱ አንድ ነው፦ ዕንቁ መቁጠር።

ይህ ለጨዋታ ያህል የሚነሣ ነገር የሚመስለው ሰው ቢኖር ጳውሎስ አካባቢ ያየነውን እንንገረው። ከእኛ አንዳንዶቻችን እዚያ ሰፈር ቤት ተከራይተን እንኖራለን። ሆስፒታሉ ካለበት አካባቢ ከየክፍለ ሀገሩ በሽተኛ ይዞ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። አንዲት እናት ከሰላሌ በኩል ልጃቸውን ሊያሳክሙ መጥተው ገንዘብ ሲያልቅባቸው ከመቀነታቸው ሁለት ጠገራ ፈትተው ሊሸጡ ይዞራሉ። አንደኛው የእናታቸው ነው፣ በአንገት ሲንጠለጠል ኖሮ ቀለበት ተበይዶበታል፣ ፊቱ ልስልስ ብሏል። ሌላው ሙዳይ ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ የኖረ ነው፣ ያበራል። አንድ ገዢ አያቸውና፣

"ይቺኛዋ ጥንታዊ ናት፣ 1780 ናት። ያቺኛዋ ግን የሕንድ ናት፣ አዲስ ናት፣ ብር የላትም። በግማሽ ከሆነ እወስዳለሁ" ይላቸዋል።

"እንዴት ልጄ፣ ሁለቱም እኩል ነው የተሰጡኝ።"

"አይ እማማ፣ እርስዎ አያውቁትም።"

በዚህ መካከል ነው የደረስነው። ክርክሩን በአፍ ከማብዛት ይልቅ ብለን አንድ አንጥረኛ ዘንድ ይዘናቸው ሄድን። ሚዛኑ ላይ ያ "የሕንድ" የተባለው 28 ግራም ሊሞላ ጥቂት ጎደለው። ጥንታዊ የተባለው ደግሞ ቀለበቱን ጨምሮ ከ27 አልዘለለም። አንጥረኛው ድንጋይ ላይ ጣል ጣል አደረጋቸው፤ ሁለቱም በደንብ ጮኹ። ዕንቁውን ቆጠርን፤ በሚያበራው ላይ ዘጠኙ በግልጽ ይቆጠራሉ፤ በሌላው ላይ አምስቱ ብቻ ይታያሉ። ገዢው የሕንድ ያለው ስለሚያበራ ብቻ ነበር። የሕንድም ቢሆን ግን በውስጡ ያለው ብር ያው ነው፤ ቦምቤይ ከቪየና ያነሰ ብር አልጨመረችም።

"እንግዲያው የከበደችው ናት የምትሻለው?" አሉን።

"ለሽያጭ አዎ፣ እማማ።"

የሚያበራውን በሚዛን ዋጋ እዚያው ሸጡ። የእናታቸውን አልሸጡም፤ መልሰው ቋጠሩት። ያ ሌላው ገዢ በስንት ሰው ላይ እንዲህ ብሎ ይሆን? "ጥንታዊ" የሚለው ቃል በአንድ ሰው አፍ ዋጋ ሲጨምር በሌላው አፍ ዋጋ ይቀንሳል፤ ቁጥሩን ያላወቀ ሰው ነው በመካከል የሚከፍለው።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። ጌጥ ምን ያህል ኃይል እንደ ነበረው የሚያሳየው የኢጣሊያ ውድቀት ነው። ኢጣሊያ ኤርትራን ስትይዝ በ1890 የኡምቤርቶን መልክ የያዘ የራሷን ታለር አወጀች፤ አንዱ በአምስት ሊሬ ይመነዘር ነበር። ገበያው አፍንጫውን ነፋበት። ጢም ያለው ንጉሥ የት፣ ማርትሬዛ የት! በ1918 ደግሞ ብልሃት ቀየረች። በሮማ የተመታው አዲሱ ታለር ላይ ሴት ተቀረጸች፤ ጠጉሯ፣ ጌጧ፣ ሁሉ ነገሯ ማርትሬዛን እንዲመስል ሆኖ። በጀርባው ንስር አለ፣ ደረቱ ላይ ግን የሳቮያ ጋሻ። ዕንቁ ቆጣሪዎቹ አገላብጠው አዩትና መለሱት። አንድ መንግሥት ከነሠራዊቱ ያንን ምርመራ ማለፍ አልቻለም። ለዚህ ነው በ1935 ማስመሰሉን ትታ እውነተኛውን ማኅተም ከቪየና የወሰደችው ብለን የምናምነው።

የእኛው አፄ ምኒልክም ከዚሁ ፈተና አላመለጡም። የራሳቸውን ብር ያወጁት በየካቲት 1885 ዓ.ም. ነው። የተመታው በፓሪስ ሲሆን የመጀመሪያዎቹ ላይ ፲፰፻፹፯ የሚል ዓመት አለ። ክብደቱን ከማርትሬዛ ጋር አስተካከሉት፤ 28 ግራም ከጥቂት። ብልህነት ነው፤ አዲሱን ብር በአሮጌው ሚዛን ላይ ማስቀመጥ። አላድ፣ ሩብና ተሙንም ተከተሉ፤ ከዚያም ግርሽና የመዳብ ቤሳ። በሐረር ራስ መኰንን በ1885 ዓ.ም. መሐለቅ አስመትተዋል።

የምኒልክን ብር ለሚይዝ ሰው የምንመክረው በመጀመሪያ አንበሳውን እንዲያይ ነው። በ፲፰፻፹፯ቱ ብር ላይ አንበሳው የሚያነሣው የግራ የፊት እግሩን ነው። በ1892ቱና በ1895ቱ ላይ ግን ቀኙን ያነሣል። ያ ትንሽ እግር ማኅተሙ እንደ ተቀየረ ይነግረናል፤ ዓመቱ ቢበላ እንኳን እግሩ ብዙውን ጊዜ አይበላም። ቀጥሎ ትንንሾቹን ምልክቶች መፈለግ ነው። አንዳንዶቹ ላይ የላቲን ፊደላት የመጀመሪያዋ አለች፤ ፈረንሳዮች ከ16ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የፓሪስን መምቻ ቤት የሚያመለክቱባት ፊደል ናት። አንዳንዶቹ ላይ ፊደሏ የለችም፤ የመምቻ ቤቱ ደቃቅ ምልክቶች ብቻ አሉ፤ ከእነርሱ አንዱ ፍሬ የሞላ ቀንድ ነው። በምኒልክ ብር ላይ የፈረንሳይ ቀንድ ምን ይሠራል ለሚል ሰው መልሱ ይኸው ነው። በኋላ፣ በ1903 እ.ኤ.አ. ግድም፣ አዲስ አበባ ላይ መምቻ ቆሞ ትንንሹ ገንዘብ እዚህ መመታት ጀመረ።

ሕዝቡ ግን ባንዴ አልተቀበለውም። በአዲስ አበባ ቢዞርም ወጣ ሲሉ "ማርትሬዛ አምጣ" ነበር። ሰው ንጉሡን ጠልቶ አይደለም፤ የሚቆጥረው ዕንቁ ስላጣ ነው። የለመደው ምርመራ በአዲሱ ብር ላይ አይሠራለትም። የአቢሲንያ ባንክ በ1906 እ.ኤ.አ. ተከፍቶ እንኳን እስከ መጀመሪያው የዓለም ጦርነት ድረስ በየዓመቱ 1,200,000 ያህል ማርትሬዛ ከውጭ ያስመጣ ነበር። የራሱ ንጉሥ ብር ባለበት አገር!

ማርትሬዛ ሕጋዊ ገንዘብነቱን ያጣው በሐምሌ 1937 ዓ.ም. የወረቀቱ ብር ሲታወጅ ነው። ያኔ አንዱ ብር በሁለት የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ተመነዘረ፤ ሃምሳ ሳንቲምን "ሽልንግ" የምንለው ከዚያ ወዲህ ነው። ፲፱፻፴፮ ከሚለው ሳንቲም ጋርም የጌጥ ነገር አልቀረም። ስሙኒው መጀመሪያ ክብ ነበር፤ የመዳብ ነውና ነጭ ቢቀቡት ከብሩ ሃምሳ ሳንቲም ጋር ይምታታል። ስለዚህ ጠርዙ እንደ አበባ ተሸነሸነ። ያንን ክብ ስሙኒ ቤቱ ያለው ሰው ይጠብቀው፤ ብዙ አልቀረም።

ከአብዮቱ በኋላ የወጣው ሳንቲም ፲፱፻፷፱ ይላል። ያም ዓመት ለብዙ ዘመን ሳይለወጥ ተመታ፤ ከማርትሬዛ የተማርነው ይመስላል። በዚያም ላይ መምቻ ቤቱ ተለዋውጧል፤ የሚለየው በአንበሳው ራስ ትልቅነትና በአገጩ ጢም ነው። በአንዱ ጢሙ እኩል ነው፣ በሌላው ሁለት ረዘም ያሉ ጠጉሮች ወጣ ብለው ይታያሉ። የታክሲ መልስ ስትቀበሉ አገላብጡት።

ይህች ጥራዝ በስቴንስል የምትባዛ ናትና የብር ፎቶግራፍ አታወጣም። ነገር ግን ስስ ወረቀት በብሩ ላይ አድርጎ በእርሳስ ቀስ ብሎ ማሸት መልኩን ከነዕንቁው ያወጣዋል። በየቤታችሁ ያለውን እንዲሁ አድርጋችሁ ብታመጡልን በአንድ ደብተር እናጠራቅመዋለን። ብሩ ራሱ ከቤቱ አይውጣ። በአመድም በሎሚም አትፈትጉት፤ የሚፈተገው ዕንቁው ነው። ከወረቀቱ ጎን ክብደቱን፣ የየት አገር ቤተ ሰብ እንደ ነበረ፣ የአንገት ቀለበት ካለው ማን አስበየደው የሚባለውን ጻፉበት። ፊቱንም ጀርባውንም አሹ። ብሩን አቁማችሁ እያንከባለላችሁ ጠርዙንም አሹ፤ ቅጠሉ የሚታየው እዚያ ላይ ነው።